ስምንት ሰርቨር፣ አንድ ሰዓት፦ መብራትና ኢንተርኔት ለሚመላለስበት ቤት

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ። ይሄ ውጤት ናሙናው ሳይወሰድ ነው እንዴ የወጣው?»

ሲስተር በእስክሪብቶዋ ጫፍ ስክሪኑን ትነካለች። ደሙ የተቀዳው 10፡10 ይላል። ውጤቱ የገባው 10፡02። ከመቀዳቱ ስምንት ደቂቃ በፊት ማለት ነው። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከአራት ወር ተኩል በፊት የሁለቱንም ሰርቨር ሰዓት ስልኬን እያየሁ በእጄ የሞላሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ሲያዘግም ተራራቁ።

ቦታው ጎንደር ነው፤ ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ ግቢ። ስሙን ተዉት። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ስምንት ሰርቨር፣ ሌት ተቀን የሚያቃስት አንድ ዩፒኤስ። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ኢንተርኔቱም እንደዚያው።

ይህን የምጽፈው እንደኛ ላለ ቤት ነው። ስለ ሰርቨር ሰዓት የተጻፉት አብዛኞቹ መመሪያዎች ኢንተርኔቱ ሁሌም አለ ከሚል ይነሳሉ። እኛ የምንነሳው ይጠፋል ከሚለው ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው። መስመር ሲኖር ከዓለም ሰዓት ጋር መግጠም። መስመር ሲቋረጥ ደግሞ ስምንቱም ሳይለያዩ አብረው መቆየት። አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ስምንቱም እኩል ሁለት ሰከንድ ቢሳሳቱ የሚያውቅባቸው የለም። አንዱ ብቻውን ሲሳሳት ግን ሲስተር ትጠራችኋለች።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን የጻፍኳቸው አፋችን እንደሚጠራቸው በፊደላችን ነው። ኪቦርዱ ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንንሹ ጻፏቸው። ምሳሌዎቹ ለኡቡንቱ ሊኑክስ ናቸው። ሬድሃትና ዘመዶቹ ጋ የሚለየውን በየቦታው እጠቁማለሁ።

ሰዓቱ ለምን ይዛነፋል?

በየማዘርቦርዱ ላይ ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል አለች። ማሽኑ ጊዜን የሚቆጥረው በእሷ ንዝረት ነው። ክሪስታሏ ርካሽ ናት። ሙቀት ሲቀየር ንዝረቷም ይቀየራል። ከሚሊዮን 20 መዛነፍ ለእንዲህ ያለ ክሪስታል የተለመደ ነው። ትንሽ ይመስላል። አስሉት፦ አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው፤ በቀን 1.7 ሰከንድ ይመጣል። አንዱ ሰርቨር ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ቢሄድ በቀን ሦስት ሰከንድ ተኩል ይራራቃሉ። በአራት ወር ተኩል ስምንት ደቂቃ ሞላ። የሲስተር ስምንት ደቂቃ ይህች ናት። ቫይረስ የለም፣ የፕሮግራም ስህተት የለም።

በእጅ መሙላት የማያዋጣው ለዚህ ነው። ዛሬ ብታስተካክሉት ነገ መንሸራተት ይጀምራል። የሚያስፈልገው ክሪስታሏ በስንት እንደምትዛነፍ የሚያጠናና ሁልጊዜ የሚያቃና ፕሮግራም ነው። እኛ የያዝነው ክሮኒ የሚባለውን ነው።

የኛ 2 ሰዓትና የማሽኑ 2 ሰዓት

ወደ ክሮኒ ከመግባታችን በፊት እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛን ያቃጠለን እዚህ ነው።

ሐምሌ 16 ቀን 2016 ጠዋት። ሌሊቱን በመብረቅ መብራት ሄዶ ነበር። አንዱ ሰርቨር ሲነሳ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ኖሮ ቀኑን ጠፋበት። ተረኛ የነበረው ልጅ ቅን ልጅ ነው። ማሽኑ ቀን ሲጠይቀው የዕለቱን ቀን በሐቀኝነት ሞላለት፦ 2016፣ 11ኛ ወር፣ 16። ሰዓቱን አየ፤ ከጠዋቱ 2፡20። እሱንም ጻፈው።

ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያስበው። ለእሱ ቀኑ ኅዳር ውስጥ ሆነ፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ተመለሰ። በዚያ ላይ ስድስት ሰዓት። ወዲያው የደህንነት ሰርተፊኬቶቹ ሁሉ «ገና አልጸናንም» አሉ፤ ከተሰጡበት ቀን በፊት ነዋ። ባክአፑ «የዛሬው ፋይል ከወደፊት የመጣ ነው» ብሎ ቆመ። በስልክ የሚመጣው ስድስት አኃዝ የመግቢያ ኮድም አልሠራም፤ ኮዱ በየ30 ሰከንዱ ከሰዓት የሚሰላ ነው። እኔ ራሴ ሰርቨሩ ውስጥ መግባት አቃተኝ። ጳጉሜን ላይ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ራሱ ያድነን ነበር፤ 13ኛ ወር ስለማያውቅ እምቢ ይላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ደንብ ነው። ሰርቨር ላይ ቀንና ሰዓት በእጅ አይሞላም። የግድ ከሆነ በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያን ቀንና ሰዓት ለተጠቃሚው ማሳየት የፕሮግራሙ ፈንታ ነው። ሰርቨሩን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ጎትቶ «አበሻ» ማድረግ አይደለም። ይህን ያደረገ ቤት አይቻለሁ። ሪፖርቱ ያምራል። የቀረው ሁሉ ይበላሻል።

ቀጥሎ የሰዓት ቀጠናውን በስምንቱም ላይ አንድ አድርጉ፦

ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ

የመጀመሪያዎቹ የአፍሪካ፣ የአዲስና የአበባ ፊደሎች ብቻ ትልቅ ይሁኑ። ቀጠናው ከዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም ሁሉ ከሚነሳበት የጋራ ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ይቀድማል። በበጋ ወደ ፊት በክረምት ወደ ኋላ የሚባል ነገር የለብንም፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሎጎች (ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብባቸው ፋይሎች) ብዙ ጊዜ በዩቲሲ ይጻፋሉ። እሱን ወደኛ ሰዓት ለመቀየር አቋራጭ አለ፦ ከዩቲሲው ሦስት ቀንሱ፣ አለቀ። ሎጉ 05፡20 ካለ እኛ ከጠዋቱ 2፡20 ላይ ነን። 17፡00 ካለ 14 ይመጣል፤ 12 ቀንሱለት፣ ከምሽቱ 2። 01፡00 ካለ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ 12 ጨምሩ፤ ከሌሊቱ 10። ይህን በወረቀት ጽፌ የክፍሉ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ሦስት መሪ ምረጡ

ስምንቱም ሰርቨር በየፊናው ኢንተርኔት ላይ ሰዓት ቢጠይቅ መስመር ሲኖር ይሠራል። መስመር ሲቆረጥ ግን ሁሉም በየራሱ ክሪስታል ይነጉዳል። ስለዚህ ሦስቱን መሪ እናደርጋለን። ውጭውን የሚጠይቁት እነሱ ብቻ ናቸው። አምስቱ መሪዎቹን ይጠይቃሉ።

ለምን ሦስት? አንድ ከሆነ እሱ ሲሞት ሁሉም ይሞታል። ሁለት ከሆነና ባይስማሙ የትኛው እንደዋሸ ማንም ሊፈርድ አይችልም። ሦስት ከሆኑ ሁለቱ በአንዱ ላይ ይመሰክሩበታል። ክሮኒ በትክክል ይህን ያደርጋል፤ ከብዙኃኑ የወጣውን ሰዓት ሐሰተኛ ብሎ ይጥለዋል።

መሪዎቹ ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚኖር) ባይሆኑ ይመረጣል፤ ብረቱ ላይ በቀጥታ የተጫነ ሲስተም ይሁን። ጉልበት አያስፈልግም። የኛ ሦስተኛው መሪ ከመዝገብ ቤት የተጣለ ዴስክቶፕ ነው። የሦስቱንም ማዘርቦርድ ባትሪ ዛሬውኑ ቀይሩ። ሲአር 2032 የምትባለው፣ ክብ፣ 3 ቮልት። ሰዓት ጠጋኞች ጋ ትገኛለች። ለምን መሪዎቹ ላይ አጥብቄ እንደያዝኩ በኋላ ይገባችኋል።

ክሮኒን መጫን

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ክሮኒ

ኡቡንቱ ለረጅም ጊዜ ይዞት የኖረው ታይምሲንክዲ የሚባል ቀለል ያለ ፕሮግራም ነው። ክሮኒ ሲጫን ቦታውን ይለቅለታል። ታይምሲንክዲ ሰዓት ይጠይቃል እንጂ ለሌሎች አያድልም፤ ለመሪነት አይሆንም። የድሮው ኤንቲፒዲ ካለ አውጡት። ሁለት ፕሮግራም አንድ ሰዓት ላይ ሲሻማ ሰዓቱ መሃል ላይ ይዋልላል።

የሚስተካከለው ፋይል /ኢቲሲ/ክሮኒ/ክሮኒ.ኮንፍ ነው። ሬድሃት ላይ በቀጥታ /ኢቲሲ/ክሮኒ.ኮንፍ ይሆናል፤ የሰርቪሱም ስም ክሮኒዲ ነው። ከመንካታችሁ በፊት ኮፒ አስቀምጡ። ፋይሉ ውስጥ አስቀድሞ በፑል ወይም በሰርቨር የሚጀምሩ መስመሮች ካሉ ፊታቸው ላይ # አድርጋችሁ ዝም አሰኟቸው።

መሪዎቹ 10.20.0.11፣ 10.20.0.12 እና 10.20.0.13 ናቸው እንበል። የመጀመሪያው መሪ ፋይል ይህን ይመስላል፦

ፑል አፍሪካ.ፑል.ኤንቲፒ.ኦርግ አይበርስት
ፑል ዩሮፕ.ፑል.ኤንቲፒ.ኦርግ አይበርስት
ሰርቨር 10.20.0.12 አይበርስት
ሰርቨር 10.20.0.13 አይበርስት
ሎካል ስትራተም 10 ኦርፋን
አላው 10.20.0.0/16
ሜክስቴፕ 1 3
አርቲሲሲንክ
ድሪፍትፋይል /ቫር/ሊብ/ክሮኒ/ክሮኒ.ድሪፍት

በሌሎቹ ሁለት መሪዎች ላይም ያው ነው። የሰርቨር መስመሮቹ ብቻ ይለያሉ፤ እያንዳንዱ ሁለቱን ወንድሞቹን ይጥራ፣ ራሱን አይጥራ።

ፑል የሚለው አንድ ስም ጠርቶ ብዙ ሰርቨር ማምጣት ነው። ክሮኒ ካላዘዛችሁት በቀር ከአንድ ፑል እስከ አራት ይይዛል። የአውሮፓውን የጨመርኩት የአፍሪካው ዞን ያለው ሰርቨር ጥቂት ስለሆነ ነው። አይበርስት ማለት ስትነሳ ቀስ ብለህ አትጠይቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ቶሎ ቶሎ ላክ ማለት ነው። መብራት ለሚመላለስበት ቤት የግድ ነው። አርቲሲሲንክ ትክክለኛውን ሰዓት በየ11 ደቂቃው ባትሪ ወዳለው የማዘርቦርድ ሰዓት ያስገለብጣል። ድሪፍትፋይል ክሮኒ ስለ ክሪስታሏ ያጠናውን የሚጽፍበት ማስታወሻ ነው። አላው ደግሞ ከዚያ ኔትወርክ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ ስጥ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጉግልን የሰዓት ሰርቨር ከእነዚህ ጋር አትቀላቅሉ። በዓለም ሰዓት ላይ አልፎ አልፎ አንድ ሰከንድ ሲጨመር ጉግል ጭማሪዋን ቀኑን ሙሉ አሟሽሾ ያከፋፍላታል፤ ሌሎቹ በአንዴ ይጨምሯታል። የመጨረሻዋ የተጨመረችው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላይ ስለሆነ አያስቸኩልም። ግን ያው፣ አትቀላቅሉ።

ከመስመሮቹ ሁሉ የዚህ ቤት ልብ «ሎካል ስትራተም 10 ኦርፋን» ናት። ስትራተም ከዋናው ምንጭ ያለው እርቀት ነው። አቶሚክ ሰዓት ወይም ጂፒኤስ ዜሮ ነው፤ ከእሱ ጋር የተያያዘው ሰርቨር 1፣ ከሰርቨሩ የሚጠይቀው 2፣ እያለ ይወርዳል። እስከ 15 ድረስ ይታመናል። ኢንተርኔቱ ሲጠፋና ሦስቱ መሪዎች የውጭ ምንጭ ሲያጡ፣ በዚህች መስመር ምክንያት ተስማምተው ከመካከላቸው አንዱን ያነግሣሉ። እሱ «እኔ ስትራተም 10 ነኝ» ይላል፤ ሁለቱ ይከተሉታል። ኢንተርኔት ሲመለስ ዝቅ ያለ ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ ሁሉም ወደ እሱ ይዞራሉ። ቁጥሩ በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። ሦስቱም እርስ በርስ መጠያየቅ አለባቸው፤ አለበለዚያ ሦስት ንጉሥ ይነሣል።

ዝላይና ማዝገም

ሜክስቴፕ 1 3 የምትለውን ለብቻዋ ላስረዳ።

ጎንደር በአታ የአቋቋም ምስክር ናት። ማኅሌት ቆማችሁ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ጽናጽሉ ከጓደኞቹ ትንሽ የቀረበት መዘምር ቆም ብሎ፣ ዘሎ አይገባም። መሪውን እያየ እጁን በጥቂቱ ያፈጥናል። ሁለት ሦስት ምት ሳይቆይ ይገጥማል። ታዳሚው ልብ አይልም። ክሮኒም በተለመደው ቀን ይህን ያደርጋል፤ ሰዓቱን አይዘልም፤ ሰከንዷን ራሷን በትንሹ ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል። ዳታቤዝ ይህን ይወዳል። ሰዓት ወደ ኋላ ሲዘል ግን ሁለት መዝገብ አንድ ሰዓት ይይዛል፤ ኋላ የመጣው ከቀደመው ቀድሞ ይታያል።

ልዩነቱ ትልቅ ሲሆን ግን ማዝገም አያዋጣም። ክሮኒ ሊኑክስ ላይ የቻለውን ያህል ቢፈጥን አንዷን ሰከንድ ለማካካስ 12 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የአንድ ሰዓት ስህተት ግማሽ ቀን ማለት ነው። ያንን የሐምሌውን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር በዝግታ ልመልሰው ቢል ከ90 ዓመት በላይ ይወስድ ነበር። ስለዚህ ሜክስቴፕ 1 3 እንዲህ ይላል፦ ልዩነቱ ከ1 ሰከንድ ከበለጠ ዝለል፤ ግን ከተነሳህ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 3 ማስተካከያዎች ውስጥ ብቻ። ከዚያ በኋላ መዝለል የለም።

የመሪዎቹ ባትሪ ነገር እዚህ ይመጣል። መብራት መጣ እንበል። ስምንቱም አብረው ተነሱ። ኢንተርኔቱ ገና ነው። የአንዱ መሪ ባትሪ ሞቷል፤ 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ላይ ነው ብሎ ያምናል። ሎካል የምትለው መስመር ስላለችው ዝም አይልም፤ ያንኑ ያድላል። ያነገሡት እሱን ከሆነ ተከታዮቹ ሦስቷን ዝላያቸውን ወደተሳሳተው ሰዓት ይጨርሷታል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ኢንተርኔት መጥቶ መሪዎቹ ቢቃኑ እንኳ ተከታዮቹ መዝለል አይፈቀድላቸውም። 3 ቮልት ባትሪ ስምንት ሰርቨር ይዛ ትገባለች።

ለተጨማሪ ዋስትና ክሮኒዲ ሲነሳ -ኤስ የሚል ምርጫ ጨምሩለት። የማዘርቦርዱ ሰዓት ከድሪፍትፋይሉ መጨረሻ ከተጻፈበት ጊዜ ወደ ኋላ ቀርቶ ካገኘው የፋይሉን ጊዜ ይወስዳል። ፍጹም አይደለም፤ መብራት በጠፋባቸው ሰዓቶች ልክ ወደ ኋላ ይቀራል። ግን ከ2000 ይሻላል። ኡቡንቱ ላይ ቦታው /ኢቲሲ/ዲፎልት/ክሮኒ ነው።

ተከታዮቹ

አምስቱ ላይ ፋይሉ አጭር ነው፦

ሰርቨር 10.20.0.11 አይበርስት
ሰርቨር 10.20.0.12 አይበርስት
ሰርቨር 10.20.0.13 አይበርስት
ሜክስቴፕ 1 3
አርቲሲሲንክ
ድሪፍትፋይል /ቫር/ሊብ/ክሮኒ/ክሮኒ.ድሪፍት

ሎካል የለም። አላው የለም። የመሪውን ፋይል ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ይፈትናል፤ አታድርጉት። ፋይሉን ካስተካከላችሁ በኋላ፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ክሮኒ

መሪዎቹ ላይ ፋየርዎል ካለ ከውስጥ ኔትወርክ ለሚመጣ ዩዲፒ 123 በር ክፈቱ፤ የሰዓት ጥያቄ የሚያልፈው በዚህ ነው። ቲሲፒ አይደለም፤ ዩዲፒ። ብዙ ሰው ቲሲፒ ከፍቶ ግማሽ ቀን ያጣል። ከግቢው ወደ ውጭም ይኸው በር ለመሪዎቹ ክፍት ይሁን። ከውጭ ወደ ውስጥ ለማንም አትክፈቱ።

እየሠራ መሆኑን ማየት

ሁለት ትእዛዝ ይበቃል። የመጀመሪያው፦

ክሮኒሲ ሶርስስ

ምንጮቹን በመስመር በመስመር ይደረድራል። በየመስመሩ መጀመሪያ ያለውን ምልክት እዩ። ^* ያለበት የተመረጠው ነው። ^+ ደህና ነው፣ ከተመረጠው ጋር ይደመራል። ^- ደህና ቢሆንም አላስፈለገም። ^? መልስ ያልሰጠ ወይም ገና ያልታመነ። ^x ሐሰተኛ የተባለ። ^x ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ መሪዎቻችሁ ውስጥ አንዱ ከሆነ በተለይ።

ሪች የሚል ዓምድ አለ። እዚያ 377 ማየት ትፈልጋላችሁ። ቁጥሩ በስምንት መሠረት ስለተጻፈ ነው እንዲህ የሚመስለው፤ ያለፉት ስምንት ጥያቄዎች ሁሉም መልስ አግኝተዋል ማለት ነው። 0 ከሆነ አንድም መልስ አልመጣም። ያኔ ክሮኒን ለመውቀስ አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ዩዲፒ 123 የሆነ ቦታ ታግዶ ነው።

ሁለተኛው፦

ክሮኒሲ ትራኪንግ

እዚህ ሲስተም ታይም የምትለውን መስመር ብቻ እዩ መጀመሪያ። ሰዓታችሁ ክሮኒ ትክክል ነው ብሎ ከገመተው ሰዓት በስንት ሰከንድ እንደራቀ ትነግራችኋለች። ውስጥ ኔትወርክ ላይ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ በታች መሆን አለባት። ፍሪኩዌንሲ የምትለው የክሪስታሏን መዛነፍ ትናገራለች፤ ያን ያህል ከሚሊዮን። እኛ ጋ ክፍሉ ሲሞቅ ይህ ቁጥር ይንቀሳቀሳል። ማራገቢያው መቆሙን ያወቅሁት አንድ ቀን በእሷ ነው።

መሪዎቹ ላይ ደግሞ ክሮኒሲ ክላየንትስን በሱዶ አስኪዱ። የሚጠይቋቸውን ይዘረዝራል። አምስቱም ከሌሉበት አንዱን ረስታችኋል።

ማታ ማታ ሰዓቱ በአሥራ ቤቶች ሚሊሰከንድ ሲወዛወዝ ካያችሁ አትደንግጡ። ኤንቲፒ (ማሽኖች ሰዓት የሚጠያየቁበት ደንብ) ጥያቄው ሲሄድና መልሱ ሲመለስ የፈጀውን ለክቶ ለሁለት ይከፍለዋል፤ መንገዱ በሁለቱም በኩል እኩል ነው ብሎ ያምናል። እኛ ሌሊት ባክአፕ ወደ አዲስ አበባ እንልካለን። መውጫው ይጨናነቃል፣ መግቢያው ባዶ ነው። ሄዶ መመለሱ 200 ሚሊሰከንድ ከፈጀ ስህተቱ እስከ 100 ሊደርስ ይችላል። ባክአፑ ሲያልቅ ይረጋጋል። ካስቸገራችሁ የባክአፑን ፍጥነት ገድቡት።

መብራት ሲመጣ ማን ይቅደም?

ዳታቤዙ ሰዓቱ ሳይስተካከል ሥራ ከጀመረ የተሳሳተ ሰዓት ይመዘግባል፤ ከዚያ ክሮኒ ይዘላል። ስለዚህ ዳታቤዙ ይጠብቅ። በሰርቪስ ፋይሉ ላይ ከመነሳቱ በፊት ይህን እንዲያስኬድ አድርጉ፦

ክሮኒሲ ዌይትሲንክ 60 0.1

ትርጉሙ፣ የቀረው ልዩነት ከ0.1 ሰከንድ እስኪያንስ ጠብቅ፤ በየ10 ሰከንዱ እያየህ እስከ 60 ጊዜ። አሥር ደቂቃ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ አንድ ሰርቪስ ሲነሳ የሚታገሠው ካልነገሩት በቀር 90 ሰከንድ ነው። ከዚያ ይገድለዋል። የመነሻ ጊዜውን ገደብ አብራችሁ አራዝሙ። እኔ ይህን ሳላውቅ ዳታቤዙ አራት ጊዜ ሲነሳና ሲወድቅ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

የቀሩት

ቨርቹዋል ማሽኖች ላይ ሰዓትን ከአስተናጋጁ (ከተሸከማቸው ኮምፒውተር) የሚወስደውን ምርጫ አጥፉ። ክሮኒና አስተናጋጁ ሁለቱም ካዘዙት ይጣላሉ። ቪኤምዌር ላይ የየጊዜው ማስተካከያ ቢጠፋም ማሽኑ ከእንቅልፍ ሲነሳና ስናፕሾት ሲነካ ሰዓቱን ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ አስተናጋጁንም ከሦስቱ መሪዎች ጋር አያይዙት።

ዊንዶውስ ዶሜይን ካላችሁ እያንዳንዱን ኮምፒውተር አትንኩ። ሁሉም በተዋረድ የሚከተሉት ፒዲሲ ኢሙሌተር የሚባለውን የዶሜይን ሰርቨር ነው። እሱን ብቻ በደብሊው32ቲኤም ትእዛዝ ወደ ሦስቱ መሪዎች አዙሩት። ዶሜይኑ ሰው ሲገባ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ከርቤሮስ የሚታገሠው የሰዓት ልዩነት ካልቀየራችሁት 5 ደቂቃ ነው። ከዚያ ካለፈ ሰው የይለፍ ቃሉን በትክክል እየጻፈ እንዳይገባ ይከለከላል፤ እናንተም ቀኑን ሙሉ የይለፍ ቃል ስትቀይሩ ትውላላችሁ።

ካሜራዎች፣ ስዊቾች፣ የጣት አሻራ መመዝገቢያው። ሁሉም የኤንቲፒ ቦታ አላቸው። የመሪዎቹን አድራሻ ጻፉላቸው። የጣት አሻራውን አትርሱ፤ ሰዓቱ አራት ደቂቃ ሲቀድም «አርፍደሃል» የተባለ ሰው የሚመጣው እናንተ ጋ ነው።

ኬብሉን ንቀሉት

ይህን ሳታደርጉ ጨርሰናል አትበሉ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ሲቀንስ፣ የኢንተርኔቱን ኬብል ከራውተሩ ላይ ንቀሉ። ወዲያው ምንም አይታይም። ክሮኒ የቀድሞውን የውጭ ሰዓት ቶሎ ስለማይተው ብዙ ሊያስቆይ ይችላል፤ መሪዎቹ ላይ እየተመላለሳችሁ ክሮኒሲ ትራኪንግ በሉ። በመጨረሻ አንዱ ስትራተም 10 ይላል። ሁለቱ 11። አንዱም 10 ሳይል ከቀረ፣ ወይም ሦስቱም በየራሳቸው 10 ካሉ፣ ሎካል የምትለዋን መስመርና እርስ በርስ የሚጠራሩባቸውን ሁለት መስመሮች መልሳችሁ እዩ። የኛ ሁለተኛው መሪ ፋይል ላይ አድራሻው በ13 ፈንታ 31 ተጽፎ ነበር። ለሦስት ሳምንት ማንም አላወቀም።

ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ። አምስቱ ላይ ሲስተም ታይምን አንድ በአንድ እዩ። ሁሉም ከንጉሡ የሚርቁት ከአንድ ሺኛ ሰከንድ በታች ይሁን። ከቻላችሁ እስከ ሰኞ ጠዋት ተዉት። ሰኞ የንጉሡን ሰዓት ከስልካችሁ ጋር ስታስተያዩ ሦስት አራት ሰከንድ ሊርቅ ይችላል። አይክፋችሁ። ስምንቱም እኩል ነው የራቁት።

ከዚያ ኬብሉን ሰኩ። መሪዎቹ የውጭውን ሰዓት አግኝተው ቀስ እያሉ ይቃናሉ፤ አይዘሉም። ስትራተሙ ከ10ና 11 ወደ 2 ወይም 3 ሲወርድ፣ ተከታዮቹም አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ሲከተሉ፣ ክፍሉን ቆልፋችሁ ውጡ።